በሙሉጌጥ ድስት ስላልገባው ቅቤ

ለተከበሩ አቶ እዮኤል፣
የ«ደማቅ ገጽ» የኢንተርኔት ማስታወቂያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ስልክዎ፣ የስልክዎም ባትሪ እንደምን ነው? እኛ መናኸሪያ ሰፈር ያለነው ከቅቤ ጣጣ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በዕድሜ የልጅ ልጄ እኩያ ቢሆኑም አንቱ ማለቴን ይቀበሉኝ፤ እናንተ ሰውን በኮከብ ስታከብሩ እኛ ሽማግሎች የቀረን ይኸው አንቱታ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ቢያውቁማ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ፣ ልጄ ሙሉጌጥ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያላት ምግብ ቤት የጾም ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድስቷ ቅቤ አያውቅም፤ ለፋሲካ እንኳ ምግብ ቤቱን ዘግታ በቤቷ ትገድፋለች እንጂ እዚያ ድስት ላይ ቅቤ አታሳርፍም። ይህን የምመሰክረው ነጭ ሽንኩርቱን የምልጠውም ድስቱን የማጥበውም እኔ ስለሆንኩ ነው። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቅዳሴ የወጣው፣ ሹፌሩም ተማሪውም፣ አግዳሚው እስኪጠብ ይመጣ የነበረው ያንን ድስት አምኖ ነው።

ዘንድሮ «ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነጋዴ እንደሌለ ይቆጠራል» ብለው ቢመክሯት ገጿን ለእርስዎ አደራ ሰጠች። ስለ አደራ አጠባበቅዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

፩. ስለ ፎቶግራፉ እናመሰግናለን። የሙሉጌጥን በያይነቱ መጥቶ ያነሳ ሰው ስላልነበረ፣ ከየት እንደተለቀመ የማናውቀው ክትፎ ከነአይቡ፣ ሁዳዴ በገባ ሰኞ፣ በስሟ ተለጠፈ። ክትፎው ያምር ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቴ አየሁት።

፪. «ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነን» ስላላችሁልን እናመሰግናለን። ሙሉጌጥ መቼ እንደምትተኛ ቢነግሯት ደስ ይላታል።

፫. ስለ ደንበኞቻችን፣ በተለይ ስለማናውቃቸው፣ እናመሰግናለን። በአንድ ከሰዓት በኋላ አርባ የሚሆኑ ሰዎች አምስት አምስት ኮከብ ሰጥተውናል። አንደኛው «የሽሮው ቅቤ አፍ ላይ ይቀልጣል» ብሏል። ይህ ሰው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ቢሮዎ ያለችው ልጅ ሳታፍር «አባባ፣ የምንጽፈው እኛው ነን፤ ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው» አለችኝ። ያልቀመሰውን የሚያሞግስ ምላስ እኔ ሳድግ ስም ነበረው፤ ይህ ሰው ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ አልጽፈውም።

፬. እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። ዘጠኝ ዓመት የጾም ምሳቸውን ከእኛ ዘንድ የበሉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቅዬ ወሬውን ሰምተው ማመን ቢያቅታቸው፣ «ሽሮው ቅቤ አለው?» ብለው በስልክ ገጹን አስጠየቁ። ያዘጋጃችሁት መልስ ሰጪ ማሽን ወዲያው «አዎ ውድ ደንበኛችን፣ የሚፈልጉት ሁሉ አለን!» አለ፤ ቀይ ልብም ጨመረበት። እሳቸውም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። «ሙሉዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ቅቤ ስታበይኝ ነው የኖርሽው?» አሏት። ልጄ እንዳታስተባብል የማሽኑ መልስ የወጣው በገዛ ስሟ ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ላልበሉት ቅቤ ስግደት ተቀብለዋል፤ ያውም በታመመ ጉልበት። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው እኔና ድመቷ ነበርን።

ለማስረዳት ቢሮዎ ድረስ ብመጣ «አስተያየቱ ፖዘቲቭ ነው እኮ፣ ምን ከፋዎት?» ብለው ስቀው ሻይ አዘዙልኝ። የገጹን የይለፍ ቃል ስጡን ስንል ደግሞ ውሉ ሳያልቅ አይቻልም አሉ። ሻዩን ትቼው ወጣሁ፤ አፌ ውስጥ የነበረው ነገር በሻይ የሚታጠብ አልነበረም። ዓሣ ገበያው ላይ የተጣለ የዓሣ ሆድ ዕቃ እንኳ ቢገማ ቢገማ አባ ኮዳ የምንለው የሐይቁ ትልቅ አሞራ መጥቶ ይውጠዋል፤ የእናንተን ገጽ ግን አሞራም አልደፈረውም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ የይለፍ ቃሉን ለባለቤቷ እንዲመልሱ፣ እርስዎም ራስዎ ወይዘሮ ብርቅዬ ቤት ሄደው «ቅቤውን የጻፍነው እኛ ነን፤ ሙሉጌጥ አላበላችዎትም» እንዲሏቸው ነው። ሆሣዕና ሳይደርስ ቢሆን መልካም ነው፤ ጉልበታቸው ከዚያ በላይ አይችልም። ቤታቸውን ካላወቁት እኔ እመራዎታለሁ፤ ማሽኑን ግን ቢሮ ይተውት።

ሞገስዎ እንደሚያድሏቸው ኮከቦች ይብዛ፣ እንደ እነርሱም እውነተኛ ይሁን እያልኩ፣ እጄ ነጭ ሽንኩርት ስለሚሸት ከሩቅ እጅ እነሣለሁ።

የሙሉጌጥ አባት፣ ድስት አጣቢው
ደምሴ ብርሃኑ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት በድርጅትዎ ገጽ ላይ እኔም አምስት ኮከብ ሰጥቼ፣ «የደማቅ ገጽ ክትፎ በሐዋሳ አቻ የለውም፤ በተለይ በጾም» ብዬ ጽፌያለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው ለብለብ ክትፎ አለ ወይ ብሎ ጠይቋል፤ ማሽንዎም ለአሥራ አንዱም «አዎ ውድ ደንበኛችን» ብሏል። አደራ እንዳይሰርዙት፤ አስተያየቱ ፖዘቲቭ ነው እኮ። ከእናንተ የሚለየው ከሥሩ ስሜን መጻፌ ብቻ ነው።