ከምክር ክፍሉ ስለ ተወሰደው ደብተር

ለክቡር ዶክተር ዲበኩሉ
የኮሌጃችን ዲን
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

የሰሞኑ የአዳማ ሙቀትና አቧራ ጤናዎን እንዳልነካው፣ ቤተሰብዎም በሰላም እንደሰነበተ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ሮማነወርቅ የምባል የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪዎ ነኝ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በእጅዎ የሰጠኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መልስ ያላገኙት ሥራ በዝቶብዎ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ሦስተኛውን ሌሎችም እንዲያነቡልዎ ብዬ ነው።

1ኛ. ስለጣሉብኝ እምነት አመሰግናለሁ። የተማሪዎች አማካሪያችን መስከረም ላይ ሥራ ሲለቁ፣ በእሳቸው ቦታ ባለሙያ ከመቅጠር ይልቅ የምክር ክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ገና ተማሪ መሆኔን ስነግርዎ «አንቺ ዝም ብለሽ አዳምጪ፤ የሚሉሽን ደብተር ላይ ያዢ» አሉኝ። አዳመጥኩ፤ ያዝኩም። በሙያ ሥነ ምግባር ኮርስ እንደተማርኩት ለመጣው ሁሉ ሚስጥሩ ከክፍሉ እንደማይወጣ ቃል ገባሁ።

2ኛ. ኅዳር ላይ ጋዲሴ መጣች። የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ የሁሩታ ገበሬ ልጅ ናት። በአማርኛ ጀምራ፣ ሲከብዳት በኦሮምኛ ጨረሰችው። እርስዎም እኔም የምናውቃቸው አንድ መምህር ፈተናዋን እንደወደቀች ነግረዋት፣ ውጤቷ እንዲስተካከል ከፈለገች ቅዳሜ ከከተማ ወጥታ አብራቸው እንድታድር ጠይቀዋታል። «ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት» አለችኝ። የነገረችኝን ሁሉ ከነስሟ ጻፍኩት። ይህ ስሕተት የራሴ ስለሆነ በእርስዎ አላሳብብም።

3ኛ. በሳምንቱ «ለሪፖርት ነው» ብለው ደብተሩን ጠየቁኝ። የሰው ሚስጥር መሆኑን ብነግርዎ፣ ደብተሩ የኮሌጁ ንብረት እንደሆነና እኔም ለመመረቅ ጥቂት እንደቀረኝ በፈገግታ አስታወሱኝ። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ፈራሁና ሰጠሁዎት።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በደብተሩ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ወደ ቢሮዎ ይጠሩ ጀመር። የጋዲሴ ተራ ሲደርስ ያ መምህር ከጎንዎ ተቀምጠው ነበር። በኋላ ራሷ እንዳጫወተችኝ፣ ለእኔ የነገረችኝን ከደብተሩ ቃል በቃል አነበቡላትና «ውሸት ነው ብለሽ ፈርሚ» አሏት። ፈረመች። ኮሪደሩ ላይ ሳገኛት አልሰደበችኝም፤ «ክፍሉን ዝጊው» ብቻ ብላኝ አለፈች። በማግስቱ ልብሷን እንኳ ሳትይዝ ከአዳማ ጠፋች።

4ኛ. ለትምህርቴ ስላደረጉት አስተዋጽኦም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሰው ሲፈራ ምን እንደሚሆን ሦስት ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ አጥንቼ ያልገባኝን በአንድ ሳምንት አስተማሩኝ። አሁን በክፍላችን መምህር ምሳሌ ሲጠይቁ እጁን የሚያወጣ የለም። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ሦስተኛው ከመጣ ዝም ይባላል። ከደብተሩ ስማቸው ገና ያልተነበበ አራት ልጆች አሉ፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ።

ባለፈው እሑድ ሁሩታ ድረስ ሄጄ ጋዲሴን ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም «ስሜን ጻፊው፤ እኔ ምን አድርጌ ነው የምደበቀው?» አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ይህንኑ ቃሏን፣ አሁን በፈቃዷ በፈረመችበት ወረቀት፣ ለሚመለከተው አካል አስገብተናል። እኔም ለሰኞ ሦስት ሰዓት ወደ ቢሮዎ መጠራቴን ሰምቻለሁ። በሰዓቱ እገኛለሁ።

ለተማሪዎችዎ ያለዎት አሳቢነት ከእኛ አልፎ ሌላ ትውልድ ሳይደርስ እንዲያበቃ ከልብ እየተመኘሁ፣
በታላቅ አክብሮትና በብዙ ጥንቃቄ
ተማሪዎ ሮማነወርቅ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ዕለት ስማቸውን ያልገለጹ አንድ ሰው ለጋዲሴ አባት ለአቶ ጫምሳ ደውለው፣ ልጃቸው አርፋ ካልተቀመጠች ታናሽ እህቷም የትም ኮሌጅ እንደማትገባ በጨዋ አንደበት መክረዋቸዋል። አቶ ጫምሳም አመስግነው ዘግተዋል፤ ስልካቸው ንግግር እንደሚቀርጽ ግን ለደዋዩ መንገር ረስተዋል። ድምፁን አሰምተውኛል፤ «አንቺ ዝም ብለሽ አዳምጪ» ሲለኝ የማውቀው ድምፅ ነው። የማን እንደሆነ ለመለየት የሳይኮሎጂ ዲግሪ አያስፈልግም።