የድድ መድኃኒት ቀማሚው የሺዙማ ቶሜኪቺ የሕይወት ታሪክ

ሺዙማ ቶሜኪቺ ከአባታቸው ከሺዙማ ያሳኩና ከእናታቸው ከኪኑ፣ በጃፓን ናራ ግዛት በኡዳ ኮረብታዎች መካከል በምትገኝ መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1938 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ለመግፋት ቢመኙም አባታቸው በመታመማቸው የቤተሰቡን ሙያ ተረከቡ።

ሙያው የድድ መድኃኒት ቅመማ ነበር። የደበርጃን ቆብ፣ ማለትም አረንጓዴ አናቱን፣ በጥላ አድርቀው ከጨው ጋር በሸክላ ማሰሮ ይከትቱና አፉን በጭቃ ደፍነው ይጥዱታል። ጭሱ ሲሳሳ እሳቱ ይጠፋል፤ ማሰሮው ግን እስኪበርድ አይነካም። ትኩሱን የከፈተ ሰው የሚያገኘው አመድ ብቻ ነው። በደንብ የከሰለው ተወቅጦ ጥቁር ዱቄት ይሆንና የሚደማ ድድ ይታሽበታል። የመንደሩ ሰው ጠዋት አፉን አጥቁሮ ሲገናኝ «ዛሬም ቶሜኪቺ ቤት ከሰል በላህ?» እየተባባለ ይሳሳቅ ነበር።

በ1964 ከወይዘሮ ሃናኤ ጋር ትዳር መሥርተው በ1967 አንዲት ልጅ ሚትሱዮን ወለዱ። ጭቃውን የሚያቦኩት፣ ዱቄቱን የሚነፉትና በወረቀት የሚጠቀልሉት ሃናኤ ነበሩ። ለደንበኛ ሻይ አቅርበው ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ቶሜኪቺ በዚህ ይኮሩ ነበር። «የኔ ሚስት ጨዋ ናት፤ ጥርሷን ያየ የለም» ይሉ ነበር።

ሚትሱዮ በ1992 በኦሳካ ከተማ በጥርስ ሕክምና ተመረቀች። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውም እሷው ናት። በቀጣዩ አዲስ ዓመት ቤት መጥታ በደንበኞች ፊት አፏን ሞልታ «አባዬ፣ ዱቄትህ እኮ ላይ ላዩን ነው የሚያጸዳው፤ ከድድ ሥር ያለውን አያወጣም። ደሙ ሲቆም የዳኑ ይመስላቸዋል» አለች። ቶሜኪቺ ለእንግዶቹ ሻይ እንዲጨመር አዘዙ። ሻዩን የጨመሩት ሃናኤ ሁሉንም ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ለአሥራ ስድስት ዓመት ስለ ጥርስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ሃናኤ በ2009 በልብ ሕመም አረፉ። አስከሬናቸው ከተቃጠለ በኋላ እንደ ልማዳችን አጥንታቸው በቀጫጭን እንጨት ሲለቀም፣ መንጋጋቸውን አባትና ልጅ አብረው አነሱት። ከፊት ከሦስቱ በቀር ጥርስ አልነበረበትም። የወለቁት ጥርሶች ቦታ እንኳ ከተደፈነ ዘመናት አልፈውታል። የሃናኤ እህት ኢሶ ያን ጊዜ እያለቀሱ ተናገሩ፦ «ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! ‹የመድኃኒተኛው ሚስት ሐኪም ቤት ከታየች ዱቄቱን ማን ያምነዋል? ለልጄ ባሳያት ደግሞ አባቷን ረታችው ማለት ነው› አለችኝ። እናንተ ስትኮራረፉ እሷ አፏን ይዛ ቀረች።»

ቶሜኪቺ አርባ ዘጠኙ የሐዘን ቀን እስኪያልፍ ማሰሮ አልጣዱም። በሃምሳኛው ቀን ጣዱ። ከዚያ በኋላ ግን በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ በገዛ እጃቸው እንዲህ እየጻፉ ነበር የሚሰጡት፦ «ደሙ በሰባት ቀን ካልቆመ፣ ቢቆምም ጥርስዎ ከተነቃነቀ፣ እኔን አይመኑ። ልጄ ዘንድ ይሂዱ።» ለአሥራ ሁለት ዓመት ሰዎች ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ሚትሱዮ መጥተዋል። ሁሉንም ተቀብላ አክማለች። አባቷን ግን አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነችም፤ ይህም ይቆጫታል።

ቶሜኪቺ በጉበት ካንሰር ሲታመሙ በሕክምናና በቤተሰባቸው ድጋፍ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2021 በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ልጃቸውን ጠርተው «አጥንቴን ስትለቅሚ ጥርሴን ሙሉ ታገኚዋለሽ። የኔ ጥበብ እንዳይመስልሽ። እናትሽ ናት ማታ ማታ ዱቄቱን በጥብጣ ታቀርብልኝ የነበረችው። እኔ አንድ ቀን ‹አንቺስ?› አላልኳትም» አሏት።

ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ሆና ሳለ እሷም እናቷን «አንቺስ?» አላለቻትም።

ቶሜኪቺ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አጥንታቸውን ለቅመን ከሃናኤ ጎን እናሳርፋለን። ርኅሩኁ ቡድሃ በንጹሕ ምድሩ ይቀበላቸው። በዚያም አባዬ አስቀድሞ ይጠይቃት፤ እማዬም እጇን ከአፏ ላይ አንስታ ትሳቅ።