ጅማ ያልሄድኩበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውና ትምህርቱ ተደርበው አልከበዱህም? የአዲስ አበባ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ዘንድ ዝናቡ አልለቅ ብሎ የዱመርሶ መንገድ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ቤት ተቀምጣ ስምህን ትጠራለች።

ስልኬን አላነሳ ስላልከኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ደብዳቤውን የሚሰጥህ የመምህር ገሪማ ልጅ ደመላሽ ነው። አደራህን፣ ሳታነበው እንዳትቀደው።

ባለፈው ያልከኝን አልረሳሁም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ፣ ሐኪም ሊያደርገኝ የሚችል ውጤት ይዤ፣ ዲላ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ መማሬን ስትሰማ የእማዬን ድካም መና አስቀረሽው ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። ኮሌጁ ውስጥ የመዘገበኝም ሰውዬ ከአንተ የተለየ ነገር አላለኝም። ውጤቴን አይቶ መነጽሩን አወለቀና፣ የኔ ልጅ፣ እዚህ የሚመጣው ነጥብ ያልሞላለት ነው፣ አንቺን ምን አመጣሽ አለኝ። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠው ስንት ነው፣ ሙያ ይሻለኛል አልኩት። ለጎረቤትም የምለው ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ የእኔ ምክንያት ግን እሱ አይደለም።

የመሄጃዬን ቀን ልንገርህ። እማዬ ዲላ መናኸሪያ ድረስ ካልሸኘሁሽ ብላ አብራኝ መጣች። የጎረቤታችን የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ ውዳሴም ነበረች፤ እሷ ሐዋሳ ነው የደረሳት፣ እስከዚያ አብረን ልንሄድ ነው። ሻንጣችን ተጭኗል። ረዳቱ ግቡ ግቡ እያለ ይጮኻል፣ ሰዉ ይጋፋል። ውሃ ገዝቼ ስመለስ እማዬ ውዳሴን አቅፋ ታለቅሳለች። ጉንጯን እየሳመች በእኔ ስም ሩሃማዬ ትላታለች። የአባትሽ አምላክ ይከተልሽ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ያሳየኝ ትላታለች። ውዳሴ በእማዬ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ምን ላድርግ የሚል አስተያየት ነበር። እማዬ ምርቃቷን እስክትጨርስ ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅኳት።

ከዚያ ረዳቱን ሻንጣዬን አውርድልኝ አልኩት። ተቆጣ፣ ግን አወረደው። እማዬ ድምፄን ከኋላዋ ስትሰማ እጆቿ ውዳሴ ላይ እንዳሉ ደርቀው ቀሩ።

ቡና ማጠቢያው ጋ የተበላሸውን ከደህናው የመልቀም ሥራዋን ለምን እንደተወች ያን ጊዜ ገባኝ። ወገቤን አመመኝ ስትለኝ አምኛት ነበር። ለካ ምድጃው ጋም፣ የእንሰቱ ጓሮም በልማድ ብቻ ነው ስትመላለስ የከረመችው።

በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ያለንን ለአንተ እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች። ከሰማ የጀመረውን ሁለተኛ ዲግሪ ጥሎ ይመጣል፣ እሱም እንደ አንቺ በእኔ ምክንያት ይቀርብኛል አለች። ቃል ነውና አልጽፈውም። ከሆስፒታሉ ቤታችን እስክንደርስ ግን እጄን አልለቀቀችም።

ኤሌክትሪኩን ወድጄዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። ክፍላችን ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ውዳሴ ከግቢዋ ፎቶ ስትልክልኝ ሳልከፍት አልፈዋለሁ። ብቻ ከትምህርት ስወጣ ሚኒባስ ይዤ ቤቴ እገባለሁ፤ ጅማ ብሆን ይህን አላገኝም ነበር። እማዬ ዛሬ ምን ተማርሽ ትለኛለች። ስለ ሽቦው፣ ስለ ቆጣሪው ስነግራት አገጯን ይዛ ታዳምጠኛለች። በቀደም በመኝታዋ በኩል ሽቦ ዘርግቼ አምፖል ሰቀልኩላት። ማብሪያውን ስጫን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ በራ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በራ አልኳት። እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እኔን ይቅር ባትለኝም ግድ የለም። ለገና ግን ና፤ ከዚያ ወዲያ አታቆየው። ጌታ የያዝከውን ያስጨርስህ፣ በምትገባበት በምትወጣበት ይቅደምልህ። ስትመጣ ደግሞ እንደ ድሮው ላስደንቃት ብለህ ቀስ ብለህ እንዳትገባ። ገና ከአጥሩ ጀምረህ እማዬ፣ እኔ ነኝ እያልክ ግባ።

ታናሽ እህትህ