ስለ ወንድምሽ እግር

ልጄ ሙጂባ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ብንልም ደህና አይደለንም። መንደራችን ሄሉ ላይ ዝናቡ ቀረ፤ አባትሽም ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ እንደተሻገረ አልተመለሰም።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ወንድምሽ ጃቢር ፍየል ጭኖ ከሶሎሎ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ እግሩን ተጫነው። ጓደኞቹ በሽርጥ አስረው ሆስፒታል አደረሱት። ድንገተኛ ክፍል ስገባ ደም እየሰጡት ነበር፤ ራሱን አያውቅም።

ዶክተሩ በስዋሂሊ ተናገረ፤ ነርሷ ጃለቱ አስረዳችኝ። "ማማ፣ አጥንቱ ተፈጭቷል። ሌላ ከተማ እስኪደርስ አይቆይም። እግሩ ካልተቆረጠ ይሞታል፤ ይፈርሙ" አለችኝ።

የአባትሽ ስልክ እምቢ አለኝ። "ብቻ ነፍሱን አትርፉልኝ" ብዬ ፈረምኩ።

በነጋታው ነቅቶ ብርድ ልብሱን ዳበሰ።

"ማን ፈቀደ?" አለ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይኸው ዘጠኝ ቀኑ፤ ከእጄ ውሃ እንኳን አይቀበልም፤ ነርሶቹ ሲሰጡት ውሃ ብቻ ይጠጣል እንጂ ምግብ አይቀምስም። ሐኪሞቹ ቁስሉ እየጠገገ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ዓይኔ እያየ ሲያልቅብኝ ነው የማየው።

አንቺ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ፤ ምግብሽንም በሰዓቱ ብዪ። ብቻ ደውዪለት፣ ያንቺን ቃል ይሰማል። ለእኔ ይቅርታ አትለምኚልኝ። ቢጠላኝም ይጥላኝ፤ እንዲበላ ብቻ ንገሪው።

አላህ እናንተን ቀባሪዬ ያድርጋችሁ እንጂ እኔን ቀባሪያችሁ አያድርገኝ።

እናትሽ ካልቶማ