ሬዲዮው ውስጥ የጻፍኩት ስም

ኦሃዮ፣ ኦክቶበር 1962

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ጉልበትህ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ እንደሚብስብህ አውቃለሁ። ምድር ቤት ወርደህ ከሰል ልትሸከም ብትሞክር ጎረቤትህ ወይዘሮ ማሬክ እንድትነግረኝ አደራ ብያታለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲህ ደህና ከሆንኩ ስንት ዘመኔ እንደሆነ እንጃ። አብሮ የመጣውን ሳጥን ገና አትክፈተው፣ መጀመሪያ አንብብ።

የሬዲዮ ፋብሪካችን ሃስኬል የሚባል የሥነ ልቦና ዶክተር አመጣልን። ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ስሎ፣ ሰው መጀመሪያ ምግብ ይፈልጋል፣ ከዚያ ዋስትና፣ ከዚያ መወደድ፣ ከዚያ መከበር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ያለውን ችሎታ አውጥቶ ማየት ነው ብሎ አስረዳን። ቀጥሎ ከሁሉ የምንፈልገውን እንድንመርጥ ቅጽ አደለን። ጎኔ የምትቀመጠው አርሊን «ከደሞዝ ሌላ የመረጠች ጭማሪዋን ትርሳው» ብላ ሹክ አለችኝ። ወሬው ወዲያው አዳረሰ። ስልሳ ሁለት ሴቶች ነን፣ ስልሳ ሁለታችንም ደሞዝ አልን። እሱም አምኖን፣ እነዚህ ገና ታችኛው ደረጃ ላይ ናቸው ብሎ ለስላሳ ወንበርና ትኩስ ሾርባ አዘዘልን። ሾርባውን ጠጣን፤ ተበላሽቶ የሚመለሰው ሬዲዮ ግን አልቀነሰም።

ከወር በኋላ ምን ጎደላችሁ ብሎ ሲጠይቅ ተናደድኩ። የአንተ ልጅ አይደለሁ? አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ሽቦ ስበይድ ኖሬ፣ የሠራሁት ሬዲዮ ሲዘፍን አንድ ቀን አልሰማሁም አልኩት። ቅጹ ላይ እንደዋሸንም ነገርኩት። ፊቱ ቀላ፣ ግን አልተቀየመም። አምስታችን በአንድ ሳምንት አራት አራት ሬዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለየብቻችን እንድንሠራ አስፈቀደልን። ፎርማኑ ክራንዳል ሳቀብን። ከሃያው ሁለቱ ከተበላሹ እነዚህ ወደ ሽቧቸው፣ እሷ ወደ ቤቷ አለ። እሷ ያለው እኔን ነው። ባሌ ሮይም እራት ላይ፣ ካቻቢቴ አያያዝ የማታውቂ ተዋርደሽ ትመለሻለሽ አለኝ።

ማክሰኞ የመጀመሪያዬን ብሰካው ዝም አለ። ክራንዳል ወንበር ስቦ ሊያየኝ ተቀመጠ። ጀርባውን ፈታሁት። ያልያዙት እነዚያው የእኔ ሁለት ሽቦዎች ነበሩ! ዓይኔን ጨፍኜ የምበይዳቸው፤ ለካ የት እንደሚደርሱ አይቼ አላውቅም። እንደገና በየድኳቸው። የቤዝቦሉ ጨዋታ ከነጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ዓርብ ሃያውም ተፈተሹ፤ አንድም አልወደቀም። ከሰኞ ጀምሮ ስልሳ ሁለታችንም ሙሉ ሬዲዮ እንሠራለን፤ ውስጡ የሠሪዋ ስም ይጻፋል። ክራንዳል በገዛ እጁ ካቻቢቴ አቀበለኝ።

አባዬ፣ ሠላሳ ዓመት የመኪና የግራ በር እጀታ ስትገጥም ኖረህ፣ ሰው የሚሠራው ለሆዱ ነው ትለኝ ነበር። እሁድ እሁድ ግን የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ በነጻ ስትፈታና ስትገጥም እያፏጨህ ነበር። የዶክተሩን ትምህርት ከእሱ በፊት ያየሁት አንተ ላይ ነው።

አሁን ሳጥኑን ክፈተው። ያ ዝም ብሎ የነበረው ሬዲዮ ነው፣ ለአንተ ብዬ ለምኜ ወሰድኩት። አዳምጠው፤ ከዚያ ጀርባውን ፍታና ስሙን እይ። የፋብሪካ ካርዴ ላይ ያለው የሮይ የቤተሰብ ስም ነው። እዚህ ላይ ግን የቤትህ በር ላይ ያለውን የአንተን ስም ጻፍኩ። ዓይንህ እንዳይቸገር በትልቁ ነው የጻፍኩት።

መልስህን ፖስታው ላይ ባለው አዲስ አድራሻ ላክልኝ፤ ዕቃዬን ይዤ የገባሁበት የአርሊን ቤት ነው። ስለ እኔ አታስብ፣ ክፍሌ ፀሐይ ያገኛል። እመቤታችን ጉልበትህን ታጽናልህ፣ ፉጨትህንም አታሳጣኝ።

ልጅህ