በአብላጫ ድምፅ ስለሚተረጎሙ ቃላት፣ ለቋንቋ ማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በመጠበቂያ ክፍልዎ ለተደረደሩት ላስቲካቸው ላልተነሣ ወንበሮች ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወንበሮቹን በሚገባ አውቃቸዋለሁ፤ ፀሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለችኝ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዛወርኩ ከርሜባቸዋለሁ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ሆስፒታሏ የውጭ አገር ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ከእርስዎ ተቋም የእንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት እንዲያመጡ አዟል፤ ያላመጣች ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች። ዕድሜዋን ሙሉ በሕመምተኛ ራስጌ የቆመች ሴት፣ ምስክር ወረቀቱን ስለከለከሏት፣ ከእንግዲህ ጓንትና ፋሻ ስታድል ልትውል ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. ድምፃቸው የሚቀራረብ ቃላትን እንዲያስተምር ስለመደቡት፣ ተማሪዎቹ «ብራዘር» ስለሚሉት መምህር አመሰግናለሁ። ብራዘር ቃሉን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ትርጉሙን ይጠይቃል፣ መልሱ ሲለያይም መዝገበ ቃላት በመግለጥ ፈንታ እጅ ያስወጣል፤ ብዙ እጅ ያገኘው ትርጉም የፈተናው ትክክለኛ መልስ ሆኖ ይጸድቃል። ለምሳሌ «ሲክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጠር ብሎ ሲነገር በመዝገበ ቃላት መታመም ወይም ማቅለሽለሽ ነው፤ ረዘም ሲል መፈለግ ነው፤ በጎረምሶች አፍ ደግሞ አጭሩ «ግሩም» ማለት ይሆናል። ጎረምሳ የጓደኛውን ጫማ በዚህ ቃል ቢያደንቅ ቅር አይለኝም፤ ቋንቋው ነው፣ ይጫወትበት። በእርስዎ ክፍል ግን «ግሩም» በአብላጫ ድምፅ አሸነፈና፣ አልጋ ላይ የተኛ ታካሚ ቃሉን ሲናገር ነርሷ «እንኳን ደስ አለዎት» እንድትለው ተወሰነ። ይህን ስሰማ ሳቄ አልመጣም፤ የመጣብኝ በመዝገበ ቃላቱ የተጻፈው ነው።

፪. እጇን ያላወጣችው ባለቤቴ ብቻ ስለነበረች፣ መምህርዎ በክፍሉ ፊት «ማዘር፣ አያካብዱ፤ መዝገበ ቃላት እኮ ጡረታ ወጥቷል» ብሎ ስላዝናናባት አመሰግናለሁ። እርሷም «ልጄ፣ ሰውየው ሊያስመልሰው ነው፤ የሚፈልገው ሳህን እንጂ ጭብጨባ አይደለም» ብትለው፣ ክፍሉ በሙሉ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሳህኑን የሚይዙት ሴቶች ጭምር፣ ሳቀ። ከሳቂዎቹ አንዷ አብራት የምትሠራ፣ ልጇን ባለቤቴ ያዋለደችላት ነርስ ነበረች።

፫. በጽሑፍ ፈተናው ባለቤቴ የመዝገበ ቃላቱንም የወጣቶቹንም ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ የትኛው የት እንደሚነገር ጭምር አብራርታ ነበር። ወረቀቷ «የክፍሉን ውሳኔ አላከበረችም፣ ለቡድን ሥራ አትመችም» በሚል ማስታወሻ ተመለሰላት። ይህች ሴት በቡድን ካልሆነ በቀር ታካሚ ከጎን ወደ ጎን ገልብጣ አታውቅም።

በመጨረሻ የተገኙልኝ ዕለት ስላሳዩኝ ትሕትናም ውለታዎ አለብኝ። ውሃ አስመጡልኝ፤ ዘዴው «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» እንደሚባል አስረዱኝ፤ ቀጥሎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ እጅ ማውጣት ምን ይከብዳታል? አውጥታ ብትገላገል ኖሮ እኔም እርስዎም እዚህ አንቀመጥም ነበር» አሉኝ። ስለዚህ መልሱ ስሕተት መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ከብራዘር ይልቅ እርስዎ የሚያስጠሉኝ በዚህ ነው፤ እርሱ አያውቅም፣ እርስዎ ግን እያወቁ ይፈርማሉ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የባለቤቴን የፈተና ወረቀት እንግሊዝኛ ለሚያውቅ አንድ ሰው ይስጡና ይታረም። በእርግጥ እንዲህ ያለ ሰው ከተቋምዎ ውጭ መፈለግ ሊያስፈልግዎ ይችላል፤ ስለ ድካምዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተቋምዎን አሳታፊነት ከበቂ ርቀት ለማድነቅ የሚመኝ፣ ለፊርማዎ ያለውን አክብሮት እዚያው ወንበሮቹ ላይ ትቶ የሄደ፣

አንድ የነርስ ባል

ከፊርማ በኋላ፦ በባለቤቴ ቦታ የተመደበችው፣ ምስክር ወረቀትዎን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ያችው የሳቀችባት የሥራ ባልደረባዋ፣ ትናንት ከታካሚዎቹ ክፍል ጓዳ ደውላ አንድ ታካሚ ደጋግሞ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ባለቤቴም ነገረቻት፣ ምን ማድረግ እንዳለባትም ጨመረችላት። ሰውየው ደኅና ነው። እኔ ስልኩን አንስቼው ቢሆን ኖሮ የእርስዎን ቁጥር ነበር የምሰጣት።