አረፋ ያላወጣው ጉበት

ዓርብ፣ ጥር 8

ዛሬም ላብራቶሪ ዋልኩ። ሠላሳ አራት ብልቃጥ አጠብኩ፤ አንድም አልሰበርኩም። ተማሪዋ ሊሊሴ ከጊዳ አያና ያመጣችውን የከብት ጉበት ፈጭታ፣ በትንንሽ ቱቦ ሞልታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተች። ለማወዳደሪያ የመጣው የነቀምቴ ከብት ጉበት ቦታ ስላጣ አስተማሪዋ ዶክተር መገርሳ ቢሮ ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ።

ለምን እንደሚቀዘቅዝ ጠየቅኋት። እንደ ታላቅ አክብራ በኦሮምኛ «አዴ» ነው የምትለኝ።

«አዴ እታገኝ፣ ኢንዛይም ማለት ሰውነት ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው። ዲ ኤን ኤ ደግሞ ለሠራተኛው የተጻፈ መመሪያ። ሙቀት ሠራተኛውን ቶሎ ይገድለዋል።»

«መመሪያውንስ?»

«እሱ ጠንካራ ነው፣ ይቆያል።»

ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እንደ ቤቴ ሶኬቱን ሁሉ ነቀልኩ… ሲመለስ ኃይል ይዞ መጥቶ ዕቃ ያቃጥላላ። ዘበኛው ሽብሩ በር ላይ ቆሞ «ውጪ በይ፣ ጥምቀት ደርሷል። ብልቃጥ ማጠብ አያጸድቅም» አለኝ። ቆልፌ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ከበዓል መልስ ቀድሜ ገባሁ። ማቀዝቀዣው ሥር ውሃ። ሶኬቱ መሬት ላይ። መብራቱ ዓርብ ማታውኑ ተመልሶ ነበር አሉ። አራት ቀን… ቱቦዎቹን ነካሁ። ለብ ብለዋል።

ሰካሁት። ውሃውን ወለወልኩ። ለምን ወለወልኩ?

ረቡዕ፣ ጥር 13

ተመልሰው በረዶ ሆነዋል። ያየ ሰው ምንም አያውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 15

ሊሊሴ ሙከራውን ሠራች። የነቀምቴው ጉበት ላይ ያንን ቁስል የሚታጠብበትን ፈሳሽ ስታንጠባጥብበት አረፋው ከቱቦው ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ሠራተኛው ደህና ነው ማለት ነው። የጊዳ አያናው… ሦስት አራት አረፋ፣ ከዚያ ዝም። ሁሉም እንደዚያው።

ደስ አላት እኮ። «ዶክተር፣ እዩት! የዚያ አገር ከብት ኢንዛይሙን የሚገድል ነገር እየበላ ነው።»

ዶክተር መገርሳ መነጽሩን አወለቀ። «አንዴ የታየ ነገር ግኝት አይባልም። አዲስ ጉበት አምጪ፤ የሚበሉትንም ሣር።»

«ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

በዚያ መንገድ። ጥጉ ላይ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ምናልባት እውነትም ከብቶቹ ታመው ይሆን? አይ። ራሴን ላታልል ነው።

ወንድሜ አሳምነው ሊጠይቀኝ በዚያው መንገድ ከጊዳ አያና ተነሥቶ አልደረሰም። አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። መንገዱ ሰላም ሆኗል ይላሉ። ያኔም ብለው ነበር።

ብናገር ያባርሩኛል። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል?

እሑድ፣ ጥር 17

ከጸሎት መልስ ሽብሩን አገኘሁት። የአያና መንገድ እንዴት ነው አልኩት።

«ለማን? ለወፍ ጥሩ ነው» አለ።

ሁለታችንም አልሳቅንም።

ሰኞ፣ ጥር 18

ሊሊሴ ለጉዞው የበረዶ ሣጥኗን ስታጥብ ደረስኩ። ቅሪ አልኳት።

«አዴ፣ እርስዎ ደግሞ ፍርሃት ያበዛሉ። ሹፌሩ በየሳምንቱ ይመላለስበታል።»

ወደ በሩ ሄድኩ… ተመለስኩ።

«ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጉበቱ በዓሉን ሙሉ ቀልጦ ነበር። የከብቶቹ ጥፋት አይደለም።»

«የቱን ሶኬት?»

አሳየኋት። ቧንቧው እየፈሰሰ ነበር፤ ሁለታችንም አልዘጋነው።

«ዓርብ ዕለት ያን ያህል ስደሰት እዚያ ቆመው ያዩኝ ነበር» አለች።

«አዎ» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዶክተር መገርሳ የላብራቶሪውን ቁልፍ ተቀበለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጉዞው ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረምኩ። አላባረሩኝም… እስካሁን። አሁን ኮሪደርና ደረጃ ነው የማጸዳው። ሊሊሴ ከእነዚያው ቱቦዎች ዲ ኤን ኤውን ብቻ ልታጠና እንደሆነ ሽብሩ ነገረኝ። ለኢንዛይሙ አዲስ ጉበት እስኪመጣላት ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። ሌላ ዓመት…

ጠዋት በአጠገቤ አለፈች። በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ አልኳት። ገብታ በሩን ዘጋች። ከውስጥ ብልቃጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል። እዚህ ናት፤ መንገድ ላይ አይደለችም።